በመታወቂያዬ ጠርዝ ያሰመርኩት መስመር

ያን ረቡዕ ከሰዓት በክሊኒኩ ትንሽ ክፍል ውስጥ የነበርነው አራት ሰዎች ነን። እኔ፣ የአሥራ ሁለት ዓመቷ ልጄ ሀያት፣ የሐኪሙን ቃል እየሰማች የምትተይበው ኢክራም፣ እና ከአሰቦት ለራሳቸው ሕመም መጥተው ውጤት የሚጠብቁ አባ ኡመር የሚባሉ ሽማግሌ። ሐኪሙ ከምሳ በፊት ነበር፤ ከምሳ በኋላ መንገድ ጀምሯል። የክሊኒኩ ባለቤት ፎቅ ላይ ነበር፣ አልወረደም። ባለቤቴ ጀማል ጫት ጭኖ ሚኤሶ ወርዷል። ይህን ሁሉ የምዘረዝረው፣ ኋላ ላይ ኢክራም ነግሬያታለሁ ስትል፣ የሰሙትን አባ ኡመርን ከአሰቦት የጠራ ሰው ስላልነበረ ነው።

እኔ ጭሮ ገበያ ቅመም እሸጣለሁ። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው። አማርኛ አነባለሁ፣ ስሜን እፈርማለሁ፤ እንግሊዝኛ ግን ፊደሉን እንጂ ትርጉሙን አላውቅም። ብዙ ያልተማረ ሰው ወረቀት ይፈራል፤ እኔም እፈራለሁ። ስለምፈራም እጠነቀቃለሁ። የልጆቼ የክትባት ካርድ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ መታወቂያ፣ ሁሉም በአንድ ፌስታል ተጠቅልሎ ፍራሽ ስር ነው የሚቀመጠው። አንድ ጊዜ መታወቂያ ላሳድስ ሄጄ አንድ መስመር ባዶ ትቼ ቅጹን ሰጠሁ። ጸሐፊዋ መልሳ ወረወረችልኝ። "ባዶ ቦታ አይተውም። የሚጻፍ ከሌለ ሰረዝ አድርጊበት፤ አለዚያ ሌላ ሰው ይጽፍበታል" አለችኝ። እንደገና ስሰለፍ ግማሽ ቀን ፀሐይ ላይ ዋልኩ። ከዚያ ወዲህ በእጄ ያለፈ ወረቀት ሁሉ ባዶ ቦታው ሰረዝ ያለበት ነው። የልጆቼን የትምህርት ቤት ምዝገባ ስሞላ ዳይሬክተሩ "እንደ እርስዎ የሚጠነቀቅ ወላጅ የለም" ብሎኝ ያውቃል። ያን ቀን ኮርቼ ነው ቤቴ የገባሁት።

ሀያት ቀኝ ጎኗን ይዛ መታጠፍ ከጀመረች ወር አልፏት ነበር። ትኩሳቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ጤና ጣቢያ የሰጧት መድኃኒት ለሳምንት አሻላትና መልሶ ጣላት። በመጨረሻ በአልትራሳውንድ ትታይ ተባለና ወደዚያ ክሊኒክ ወሰድኳት።

የሐኪሙ አሠራር እንዲህ ነው። በየሳምንቱ ረቡዕ ከሌላ ከተማ ይመጣል። በአንድ እጁ መሣሪያውን ሆድ ላይ እያንሸራተተ በሌላው ስልኩን አፉ አጠገብ ይይዛል። ያየውን በእንግሊዝኛ ይናገራል፤ ድምፁን በቴሌግራም ለኢክራም ይልካል፤ ቀጣዩ ታካሚ ይተኛል። እሱ ከሄደ በኋላ ኢክራም እየሰማች ትተይባለች፣ ታትማለች፣ ማህተም ትመታለች። ሐኪሙ ራሱ አንድ መስመር አይጽፍም።

ኢክራም የበደሳ ልጅ ናት። ቀጭን፣ ሻርፗን በመርፌ ቁልፍ አጥብቃ የምታስር፣ ሃያ ሁለት ወይም ሃያ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ማዳመጫውን ጆሮዋ ውስጥ ሰክታ ስትተይብ አባ ኡመር ትዕግሥታቸው አለቀ።

"ይህች ልጅ ሥራ ላይ ናት ወይስ ዘፈን እየሰማች?" አሉ።

"አባባ፣ የእርስዎን ጉበት ነው የምሰማው" አለች ሳትዞር።

"እህ፣ ምን ይላል?"

"ጫት ይቀንሱ ይላል።"

"ታዲያ ያ ጉበቴ አይደለም፤ የሚስቴ ድምፅ ነው!"

ሀያት እንኳ ጎኗን ይዛ ሳቀች።

የሀያት ተራ ሲደርስ ግን ኢክራም ቆየች። አንዱን ቦታ ወደ ኋላ መልሳ ሰማችው። ደግማ፣ ደጋግማ። ማዳመጫውን ከግራ ጆሮዋ ወደ ቀኝ አዛወረች፣ ሌላውን ጆሮዋን በመዳፏ ደፈነች። ከመሳቢያ አንድ ደብተር አወጣች። ዶክተሩ የሚጠቀምባቸውን ቃላት፣ እሱ እንዴት እንደሚጠራቸውና ትርጉማቸው ምን እንደሆነ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ራሷ የሰበሰበችበት ነው። ገጹን በጣቷ ወረደችበት። ከዚያ ሐኪሙ ስለ ሌላ የጠዋት ታካሚ የላከውን ድምፅ ለማነጻጸር ከፍታ ሰማች፣ ወደ ሀያት ተመለሰች። በመጨረሻ እጇን ከኮምፒውተሩ አነሳች።

"የሀያት እናት፣ አንድ ቦታ አልወጣልኝም።"

"ምን ማለት ነው ልጄ፣ አልወጣልኝም?"

"የቀኝ ኩላሊቷን በደንብ ተናግሯል። ጠጠር አለ፣ ኩላሊቱም አብጧል ይላል። ወደ ግራው ሲገባ መብራት ሄዶ ጀነሬተሩ ተነሳ። የግራው ኩላሊት ካለ በኋላ የሚሰማኝ ሞተር ብቻ ነው። ስደውልለት ደግሞ አይገኝም፤ ቆላው ላይ ነው መሰለኝ፣ ኔትወርክ የለም።"

"አንቺ ስንት ወረቀት ጽፈሻል፣ አታጪውም። ገምተሽ ብትጽፊውስ?"

"ደህና ነው ብሎ ሊሆን ይችላል። ደህና አይደለም ብሎም ሊሆን ይችላል። ያልሰማሁትን አልጽፍም። ነገ ጠዋት አገኘውና ሞልቼ እሰጥዎታለሁ።"

ነገ ጠዋት ለእኔ ሩቅ ነበር። የጎረቤታችን ወንድም በፒካፕ ሆስፒታል ወዳለበት ትልቅ ከተማ ሊሄድ ነው፤ የዚያኑ ቀን አሥር ሰዓት ላይ ለሁለታችን ቦታ ይዞልናል። ያን ሰሞን መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሁለት ቀን ይዘጋል። ሀያት አግዳሚው ላይ ተጣጥፋ ላቧ ይንጠባጠባል።

"ስጪኝ ልጄ። ባለበት ስጪኝ" አልኳት።

"ባለቤትየው ያልሞላ ወረቀት እንዳታወጪ ብሎኛል።"

"ወላሂ ማንም አያውቅም። ልጄን እያት።"

ሀያትን አየቻት። ከዚያ አተመችውና ማህተሙን መታችበት። በጽሑፉ መሐል ሁለት ጣት የሚያህል ነጭ ቦታ ነበር። ጣቷን እዚያ ላይ አድርጋ ቀስ ብላ፣ ለልጅ እንደሚነገር፣ ነገረችኝ።

"እዚህ ቦታ ላይ ምንም እንዳይጻፍ። ማንም እንዳይጽፍበት። ባዶ ሆኖ ካየው እዚያ ያለው ሐኪም ይጠይቃል፣ ወይ ራሱ ደግሞ ያያታል። ዶክተሩን እንዳገኘሁት እደውልልዎታለሁ። ስልክዎን ይንገሩኝ።"

ቁጥሬን ነገርኳት፤ የእሷን መቀበል አላሰብኩም። አባ ኡመር አንገታቸውን አስግገው ወረቀቱን አዩት።

"ባዶ ቦታ ይዘሽ ቢሮ ልትገቢ? እኔን በመሬት ወረቀት ሦስት ጊዜ መለሱኝ" አሉ።

"አባባ፣ ይሄ ቀበሌ አይደለም" አለች ኢክራም።

"ሁሉም መስኮት አንድ ነው፣ ልጄ።"

አብሽሩ፣ አይዞዎት ብላኝ እስከ በሩ ሸኘችን።

ሐሙስ ጠዋት ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ፊት ለፊት ተሰልፈናል። የከተማውንም የሆስፒታሉንም ስም አልጠራም፤ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ከፊታችን እናቱን ያዘለ አንድ ሰውዬ ነበር። ከመስኮቱ ጀርባ ያለችው ሴት ወረቀቱን አየችና መልሳ ገፋችለት።

"ይሄ አልተሞላም።"

"እህቴ፣ ከሩቅ ነው የመጣነው።"

"ከላከህ ቦታ አስሞልተህ ና። ቀጣይ!"

ሰውዬው እናቱን እንዳዘለ ዞረ። ጭሮ ተመልሼ፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ ሀያት እቤት ተኝታ ታየኝ። ከፊቴ ሦስት ሰው ቀርቷል። በዚህ መሐል ስልኬ ጮኸ፤ የማላውቀው ቁጥር ነው። የማላውቀውን ቁጥር አላነሳም፤ ሽልማት ደርሶዎታል እያሉ ሰው የሚያጭበረብሩ ስላሉ ጀማል አስጠንቅቆኛል። እንደገና ጮኸ። ሦስተኛ ሲጮህ ድምፁን አጠፋሁት።

ከፌስታሌ እስክሪብቶ አወጣሁ። ወረቀቱን ግድግዳ ላይ አስደገፍኩ።

"እማ፣ ኢክራም ምንም አይጻፍበት ብላለች" አለች ሀያት።

"እኔ መቼ ጻፍኩ? ሰረዝ እኮ ነው።"

እንዳይጣመም መታወቂያዬን አስቀመጥኩና በጠርዙ አሰመርኩ። ቀጥ ያለ፣ ንጹሕ መስመር። በልቤ እንዲህ ነበር ያልኩት፦ ልጄ አንድም ቀን ግራ ጎኔን ብላ አታውቅም፣ ሁልጊዜ የምትይዘው ቀኟን ነው፤ ስለ ግራው የሚባል ነገር ባይኖር ነው። ወረቀቱን ስሰጥ የመስኮቷ ሴት አላመነታችም። ካርድ አወጣችልን። ጥንቃቄዬ ሠራ ብዬ አላህን አመሰገንኩ።

ውስጥ ያየን ሐኪም ወጣት ነው፤ ዓይኑ እንቅልፍ አጥቶ ቀልቷል። አነበበ።

"ቀኙ ጠጠር አለበት። ግራው..." ብሎ ቆመ። "ሰረዝ ነው ያለው። ምንም የለበትም ማለት ነው፣ አይደል?"

ለራሱ ይሁን ለእኔ አላወቅኩም። ወደ እኔ ግን ተመለከተ። ሐኪም ሲናገር ራሴን መነቅነቅ ልማዴ ነው። ነቀነቅኩ።

"የእኛ አልትራሳውንድ ተበላሽቷል፤ ይሄ ይበቃናል። አንዱ ኩላሊት ደህና ከሆነ አያስቸኩልም። ከእሷ የባሱ አሉ። መድኃኒት ትውሰድ፣ ለጠጠሩ በሁለት ወር ትምጣ።"

አያስቸኩልም የሚለው ቃል ማር ሆነልኝ። ሀያትን የማንጎ ጭማቂ አጠጣኋት። ያልታወቀውን ቁጥር ረሳሁት።

አምስተኛው ሳምንት ላይ ሀያት ጠዋት ስትነሳ ፊቷ አብጦ ዓይኗ አይታይም። ሽንቷ ቆሟል። ይዘናት ወደዚያው ሆስፒታል ስንበር አዲስ ማሽን መጥቶ ነበር፤ አዩዋት። የግራ ኩላሊቷ ከተፈጥሮዋ ትንሽ ነው፣ ሠርቶ አያውቅም አሉን። ልጅቷ የኖረችው በቀኙ ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ጠጠሩ ዘግቶ አበላሸው። "ይህን ብናውቅ ያኔውኑ ነበር የምናስተኛት" አለ ያው ወጣት ሐኪም። ወረቀቱን አወጣና ሰረዙን ለጀማል አሳየው። "የላኳችሁ ሰዎች ግራውን ንጹሕ ብለውታል።"

ጀማል ወረቀቱን ተቀብሎ አጥፎ ኪሱ ከተተ። ሀያትን ከእህቱ ጋር ትተን ወደ ጭሮ ወጣን። ሰረዙን ያሰመርኩት እኔ መሆኔን በመንገድ ሁሉ አልነገርኩትም።

የክሊኒኩ ባለቤት ፎቅ ላይ አስቀመጠን። ሐኪሙን በስልክ አገኘው፤ ሁላችንም እንድንሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው። ሐኪሙ፣ "ግራው ትንሽ ነው፣ አይሠራም ብያለሁ። ኢክራምም በማግስቱ ደውላ ጠይቃኝ ደግሜ ነግሬያታለሁ" አለ። ኢክራም ተጠራች። ወረቀቱን ስታይ ፊቷ ጠቆረ።

"ይሄን መስመር እኔ አላደረግኩም። ባዶ ነው የተውኩት" አለች።

"ኮምፒውተሩ ላይ አሳይኛ።"

"የለም። አንዱን ካተምን በኋላ በላዩ ላይ ነው የሚቀጥለውን የምንጽፈው። እርስዎ ያውቃሉ።"

"ድምፁስ?"

"ስልኩ ሲሞላ አጠፋዋለሁ። ግን በማግስቱ ሦስት ጊዜ ደወልኩላቸው፣ አላነሱም። ባዶውን ሲያዩ እዚያ ደግመው ያዩዋታል ብዬ ተውኩት።"

"ለምን ያልሞላ ወረቀት አወጣሽ ታዲያ? እኔ ምን ብዬሽ ነበር?" ጠረጴዛውን መታ። "መስማት አቃተሽ፣ ሰረዝ አደረግሽበት። አለዚያ ማን አደረገው? እኚህ ሴትዮ ናቸው በሐኪም ወረቀት ላይ የሚጽፉት?"

"የእኔ ሚስት" አለ ጀማል፣ "ለመፈረም እንኳ እጇ ይንቀጠቀጣል።"

ኢክራም ወደ እኔ ዞረች። አልጮኸችም።

"የሀያት እናት፣ ሲወስዱት ባዶ አልነበረም? ምንም እንዳይጻፍበት አላልኩዎትም?"

እነሆ፣ አንባቢዎቼ፣ ያቺ ደቂቃ። ጀማል ከጎኔ ተቀምጧል፣ ጉልበቱ ጉልበቴን ይነካል። እኔ ነኝ ብል ምን እንደሚያደርግ አላሰብኩም፤ መማታት አያውቅም። ያሰብኩት ዓይኑን ነው። ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኩን በዚያ ዓይን ሲያየኝ ታየኝ።

"እኔ እንግሊዝኛ አላውቅም፣ ልጄ" አልኩ።

ቃሉ እውነት ነበር። የጠየቀችኝ ግን እሱን አልነበረም። እሷም ገባት። ለረጅም ጊዜ አየችኝ፤ የምትጠብቀው ነገር ቀስ እያለ ከፊቷ ሲወጣ አየሁ። ወርዳ የስልኳን ቻርጀር ነቀለች፣ ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ደረጃው ስር ስንገናኝ መንገድ ለቀቀችልኝ።

"ሀያትን አላህ ያሽራት" ብላኝ ወጣች። ስድብ ብትሰድበኝ ይቀለኝ ነበር።

ለጀማል የነገርኩት ከሃያ ቀን በኋላ ነው፣ ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ። ሀያት ያየችውን ለአባቷ አልተናገረችም ነበር፤ ራሷ ታማ እኔን ትጠብቀኝ ነበር። ያን ሳስተውል መቻል አቃተኝ። ጀማል ሰምቶ ተነስቶ ወጣ። ሲመለስ የውኃ ጠርሙስ ይዞ ነበር፤ ለሀያት ሰጣትና አጠገቧ ተቀመጠ። እስከ ዛሬ ስለዚያ ነገር አንድ ቃል አላወጣም። ወረቀት ሲመጣ ግን ራሱ ይሞላዋል። ለእኔ አይሰጠኝም። የፈራሁት ዓይን ይሄው ነው፤ ዝም ብዬም አላመለጥኩትም።

ክሊኒኩ ሄጄም ለባለቤትየው ተናገርኩ። ወንበር እንኳ አልሰጠኝም። "አሁን ምን ይደረጋል? ሌላ ልጅ ቀጥረናል" አለኝ። ሰረዙ የእሷ አለመሆኑን የሚመሰክር ደብዳቤ ይጻፍላት ብዬ ለመንኩት። "ያልሞላ ወረቀት ማውጣቷስ?" አለ። ያንን ያወጣችው እኔ ለምኜያት ነው አልኩ። ሌላ ታካሚ ጠራ።

በደሳ ወረድኩ። የኢክራም አክስት ከበሩ አላስገባችኝም። ማን እንደሆንኩ ስነግራት ከላይ እስከ ታች አየችኝ። "አሁን ነው የምትመጪው? ልጅቷ እዚህ ጓዳ ሁለት ወር ስትተኛ የት ነበርሽ?" አለችኝ። የት እንደሄደች አልነገረችኝም። ስልኳ አይሠራም። አንዳንዱ ሂርና ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥራለች ይላል፤ ሄጄ ጠየቅኩ፣ አልነበረችም። አንዳንዱ ዐረብ አገር ሄዳለች ይላል።

ሀያት አለች። በሳምንት ሁለት ቀን የኩላሊት እጥበት ላይ ነች፤ ለዚያ ስንል ከጭሮ ወጥተን ሆስፒታል አጠገብ አንድ ክፍል ተከራይተናል። ትምህርቷን አቁማለች። አንዳንድ ቀን "እማ፣ ኢክራም ተገኘች?" ትለኛለች። ስለ ኩላሊቷ ግን አንድ ቀን ጠይቃኝ አታውቅም።

እንደ እኔ ወረቀት የምትፈሩ እናቶች ካላችሁ፣ ይህን ልንገራችሁ። ሐኪም የሚያነበው ወረቀት ላይ ባዶ ቦታ ካያችሁ አትንኩት። ባዶው "አላወቅንም፣ ጠይቁ" የሚል ነው። ያቺ ልጅ የማታውቀውን አላውቅም ብላ ለመተው ድፍረት ነበራት፤ ያንን ድፍረቷን ያጠፋሁባት እኔ ነኝ። መስመሩንስ በፍርሃትና ባለማወቅ አሰመርኩት፣ አላህ ያውቀዋል። ፎቅ ላይ የተናገርኩትን ግን እያወቅኩ ነው የተናገርኩት። ሁለቱን አንድ አድርጌ ይቅር በሉኝ አልልም።

የምለምናችሁ አንድ ነገር ነው። ኢክራም የበደሳ ልጅ ናት፤ ቀጭን፣ ስትናገር ድምፅዋን ዝቅ የምታደርግ። ሂርናም ሆነ ገለምሶ፣ ድሬዳዋም ሆነ ባሕር ማዶ ያያት ሰው ካለ፣ የት እንዳለች ባይነግረኝም ግድ የለም። በሕይወት መኖሯን፣ ሥራ ማግኘቷን፣ ደህና መሆኗን ብቻ ንገሩኝ።